ስልክ ሲቀየር ኢሜይሉ ማን ዘንድ ይቀራል?

መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ ደሴም ሆነ ሐዋሳ፣ ስማርት ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ጥቂት የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ገዢው ዋጋ ተከራክሮ ገንዘቡን ከፍሏል። ሻጩ ወጣት ካርቶኑን ከፍቶ ሲሙን ያስገባል፣ የስክሪን መከላከያ ይለጥፋል፤ ስልኩ ጂሜይል ሲጠይቅም ቀና ሳይል «ስምዎት ማን ልበል? የአባትስ?» ይላል። የልደት ቀኑን ከራሱ ይሞላል። የይለፍ ቃሉንም እሱው ይጽፈዋል። ገዢው የሚጠየቀው ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቴሌብር ተጭነው ስልኩ እጁ ይገባል፤ በዚያች ቅጽበት ለዓመታት የሚታወቅበት አድራሻ እንደተከፈተለት ልብ አይልም።

ለሁለት ለሦስት ዓመት ችግር የለም። ስልኩ አንዴ የገባበትን አካውንት ስለሚያስታውስ ዳግም የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በዚያ አድራሻ ዲቪ ይሞላበታል፣ የሥራ ማመልከቻ ይላክበታል፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ይመጣበታል፣ የልጆች ፎቶ ይከማችበታል። አንድ ቀን ስልኩ ይሰበራል ወይም ይሰረቃል። አዲሱ ስልክ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚያውቀው ሰው የለም። «ወደ ስልክዎ ኮድ ልከናል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ኮዱ የተላከበት ቁጥር ግን ድሮ የተጣለ ነው። ያኔ ሻጩ «ሌላ ጂሜይል እንክፈት» ይላል፤ ይከፈታል። አሮጌው ከነዶሴው ተዘግቶ ይቀራል።

ደብዳቤዎቹ ግን የትም አልሄዱም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ከጀመረ አንስቶ መልእክቶቹን የሚያኖረው በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ የያሁና የማይክሮሶፍት ኢሜይልም እንዲሁ። ስልኩ የባንክ ደብተር ነው እንጂ ባንኩ አይደለም፤ ደብተሩ ቢቀደድ ገንዘቡ አይቀደድም። ስለዚህ ስልክ የቀየረ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ የአድራሻው ባለቤት እሱ መሆኑን በምን እንደሚያስረዳ ነው። አብዛኞቻችን ይህን ማስረጃ በአንድ የስልክ ቁጥር ላይ ጥለነዋል። ከሀገር ሀገር ለሚሄድ፣ ሲም ቶሎ ቶሎ ለሚለዋውጥ ሕዝብ ደግሞ ከማስረጃዎች ሁሉ ደካማው ቁጥር ነው። በዚህም ምክንያት ኢሜይልን በአዲስ ስልክ የመክፈት ሥራ ዋናው ክፍል የሚሠራው አሮጌው ስልክ ገና በእጅ ሳለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከጠፋ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ልመና ይመስላል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ድርጅቱ ፊታችንን አያውቅም፣ መታወቂያችንንም አይቶ አያውቅም። በአዲስ ስልክ አድራሻችንን ስንጽፍ በመጀመሪያ የሚፈልገው የምናውቀውን ነገር፣ ማለትም የይለፍ ቃሉን ነው። ቀጥሎ በእጃችን ያለውን ይጠይቃል፦ ወደ ተመዘገበው ቁጥር የተላከ ኮድ፣ ወደ ሌላ ኢሜይል የተላከ ኮድ፣ ወይም አሮጌው ስልክ ላይ ብቅ ብሎ «እርስዎ ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የሚል ምላሽ። ከእነዚህ ጀርባ ደግሞ ሳይናገር የሚመዝነው ነገር አለ፤ ጥያቄው ከየትኛው ስልክ፣ ከየትኛው ብራውዘር፣ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ያያል። ጉግል አካውንታቸውን ለማስመለስ ለሚሞክሩ ሰዎች የሚሰጠው ምክርም ከዚህ በፊት በተጠቀማችሁበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ እንደ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ባለ በለመዳችሁት ቦታ ሆናችሁ ሞክሩ የሚል ነው። አሮጌው ስልክ፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም እንኳ፣ ራሱ ምስክር ነው ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ሁኔታ አዲስ ስልክ፣ አዲስ ቁጥርና አዲስ ሀገር በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ ነው። ለስደተኛ ግን ይህ የተለመደ ነገር ነው።

ከወሎ ወደ ሪያድ የሄደች አንዲት ሴት እናስብ። ጂሜይሏ የተከፈተው በ09 በሚጀምር ቁጥር ነው። ሲሙን ኮምቦልቻ ላለች እኅቷ ትታ ወይም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ሄዳለች፤ እዚያ እንደደረሰች የሳዑዲ ሲም አወጣች። ስልኳ ተበላሽቶ አዲስ ስትገዛ ኮዱ የሚሄደው ኮምቦልቻ ነው። እኅቷ ስልኩን ከፍታ ከጠበቀቻት፣ ኔትወርክ ካለ፣ ቁጥሮቹን በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ቶሎ ካነበበችላት ይሳካል። ሲሙ ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ተዘግቶ ከሆነ ግን ኮዱ የሚደርስበት የለም። ሀገሯ ስትመለስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባንኩም ፌስቡኩም በሳዑዲ ቁጥር የተመዘገበ ሆኖ ሲሙ እዚያው ይቀራል። ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት የሠሩ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ሀገር ውስጥ ላለነውም ቢሆን ሁኔታው ብዙ አይለይም። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ሲም የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱን ትቶ በሌላው ሲጠቀም ኢሜይሉ በየትኛው እንደተመዘገበ ማስታወስ ይከብደዋል።

ቁጥር የግል ንብረት የሚመስለን በስሕተት ነው። የቴሌ ድርጅቶች ለጊዜው ያከራዩናል እንጂ አይሸጡልንም፤ ያልተጠቀምንበት ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በአሜሪካ ሕጉ የሚያስገድደው አንድ ቁጥር ከተቋረጠ በኋላ ቢያንስ 45 ቀን ሳይሰጥ እንዲቆይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ሞባይል ድርጅቶች ለአዲስ ደንበኛ ከቀረቡ ቁጥሮች መካከል 259 ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካሉ ነባር አካውንቶች ጋር ተያይዘው አገኟቸው። የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። ሲሙን የጣለው ሰው ኢሜይሉን መክፈት አቅቶት ሲጨነቅ፣ ያንኑ ቁጥር አዲስ ያወጣው የማያውቀው ሰው ኮዱን ተቀብሎ ሊገባ ይችላል። ባለቤቱን ውጭ ያስቀረው መንገድ ለእንግዳው ይከፈትለታል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ቁጥር ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ድርጅቶቹ ለምን በየጊዜው ቁጥር አስመዝግቡ እያሉ ይወተውታሉ? የሚወተውቱት ስለሚጠቅም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አካውንት ላይ የስልክ ቁጥር መጨመር ብቻውን በማሽን የሚካሄዱ የሰርጎ መግባት ሙከራዎችን እስከ 100 በመቶ፣ በጅምላ በሚላኩ የማጭበርበሪያ መልእክቶች የሚደረጉ ጥቃቶችን 99 በመቶ፣ አንድን ሰው ለይተው ያነጣጠሩትን ደግሞ 66 በመቶ ያግዳል። ከቁጥር በፊት የነበረው ዘዴም የባሰ ነበር። «የመጀመሪያ መምህርህ ማን ይባላል?»፣ «የምትወደው ምግብ ምንድን ነው?» የሚሉት የምሥጢር ጥያቄዎች ላይ የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚወዱትን ምግብ ሌላ ሰው በአንድ ግምት ብቻ ወደ 20 በመቶ በሚጠጋ ዕድል ያገኘዋል። ባለቤቶቹ ራሳቸውስ? በአሜሪካ ካሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች 40 በመቶው የራሳቸውን መልስ ማስታወስ አቅቷቸዋል። በኤስኤምኤስ ኮድ የተሞከረ ማስመለስ ግን ከ80 በመቶ በላይ ተሳክቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ከአካውንታችሁ አውጡ አልልም። የምለው ብቻውን አትተዉት ነው፤ ሁለተኛ ማስረጃ የሌለው አካውንት ዕጣው ከአንዲት ሲም ዕጣ ጋር ታስሯል።

ሌላው፣ ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ ኮድ ስለሚጠይቀው አሠራር በየሱቁ የሚሰማው ምክር «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አጥፋው፣ ችግሩ እሱ ነው» የሚለው ነው። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች በቅንነት ነው የሚሰጡት፤ ውጤቱ ግን አካውንቱን ለአንድ የይለፍ ቃል ብቻ አጋልጦ መተው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሻጩ ለሚያውቀው የይለፍ ቃል። በዚያ ላይ ማረጋገጫውን ያጠፋ ሰውም ከማይታወቅ ስልክና ቦታ ሲመጣ ኮድ መጠየቁ አይቀርም። ትክክለኛው መንገድ የማረጋገጫውን ዓይነት ማብዛት ነው። ጉግል ኦተንቲኬተርን የመሰለ ኮድ አመንጪ መተግበሪያ ለስደተኛ የሚበጅ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ኮድ የሚያሰላው በስልኩ ውስጥ ካስቀመጠው ምሥጢራዊ ቁጥርና ከሰዓቱ ተነሥቶ ስለሆነ ሲምም ኔትወርክም አይፈልግም። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ መተግበሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 2023 ድረስ ምሥጢሩን የሚያኖረው በዚያው ስልክ ላይ ብቻ ነበር፤ ስልኩ ከጠፋ ኮዱም አብሮ ጠፋ። አሁን ከጉግል አካውንት ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ግን ያልተገናኘ ከሆነ አሮጌው ስልክ ሳይሸጥ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። ሁለተኛ፣ ኮዱ በሰዓት ስለሚሰላ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። ጠዋት አንድ ሰዓትን 1፡00 ብሎ እንዲያሳየው የስልኩን ሰዓት በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ኮዱ «የተሳሳተ ነው» ሊባልበት ይችላል። ሰዓቱን ኔትወርኩ ራሱ እንዲያስተካክለው መተው ይሻላል።

«ለምን ደውለን ሰው አናናግርም?» የሚለው ቅሬታ ግን ልብ የሚነካ ነው። በሀገራችን ነገር የሚያልቀው በሰው ነው፤ ቀርቦ፣ ተለማምጦ፣ መታወቂያ አሳይቶ። ለነጻ ኢሜይል ተጠቃሚ ግን የሚያነጋግረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህ የሚያስቆጣ ቢሆንም ምክንያት አለው፤ ሰው ይታለላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ማት ሆናን የተባለ የዋየርድ መጽሔት ጋዜጠኛ የደረሰበት ለዚህ ምስክር ነው። ሰርጎ ገቦቹ መጀመሪያ አማዞን ደውለው የባንክ ካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አገኙ፤ በእነዚያ ቁጥሮችና በአድራሻው የአፕልን የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ አሳምነው አካውንቱን ተረከቡ። ስልኩን፣ አይፓዱንና ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሆነው ደመሰሱበት። ለተቸገረው ሰው የሚራራ ሠራተኛ ለአታላዩም ይራራል፤ በስልክ ድምፅ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ድርጅቶቹን ነጻ አላወጣም። አካውንት ሲከፈት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ መጠባበቂያ ኮድ የሚባለውን ነገር ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ላልፈለገ ሰው አያሳዩትም። በየዓመቱ ሲም ሊቀይር የሚችል ተጠቃሚ መኖሩን እያወቁ ቁጥርን ዋና ማስረጃ አድርገው መቀጠላቸው ጉድለት ነው። ደግነቱ ሌላ መንገድ መከፈት ጀምሯል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021፣ ጉግል ደግሞ በ2025 የታመነ ወዳጅን ወይም ቤተሰብን ለማስመለሻ የመመዝገብ ዘዴ አምጥተዋል። የተመዘገበው ሰው ኢሜይሉን ማየትም መክፈትም አይችልም፤ ሥራው ባለቤቱ ሲቸገር «እሱ ነው» ብሎ መመስከር ነው። እኛ ዋስ መጥራት የለመድን ሰዎች ይህን ለመረዳት የሚከብደን አይመስለኝም። ሪያድ ያለችው ሴት ሲሟን ከመተው ይልቅ እኅቷን ብታስመዘግብ የተሻለ ነው።

እኔ ግን አሁንም ከሁሉ የማስቀድመው ወረቀት ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ የጂሜይል ተጠቃሚ አሥር መጠባበቂያ ኮዶችን ማውጣት ይችላል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ያለውና አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው። «ወረቀት ይሰረቃል» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ሆኖም ኮዱ የሚተካው ሁለተኛውን ደረጃ ብቻ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሌባ ምንም አያደርግበትም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አለመጻፍ በቂ ነው። ጠፋ ከተባለም አዲስ አሥር ሲወጣ የቀድሞዎቹ ይሰረዛሉ። ፓስፖርቱንና የልደት ካርዱን አጣጥፎ በፌስታል ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው ይህችን ቁራጭ ወረቀት አብሮ ማስቀመጥ አያቅተውም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ጉግል የሚገፋው ፓስኪ የተባለው በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መቆለፊያ የሚከፈት ዘዴም ጥሩ ነው፤ ከአንድ በላይ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ግን ወረቀቱን አይተካለትም።

አንዳንዴ የይለፍ ቃሉም ቁጥሩም ትክክል ሆኖ ኢሜይሉ እምቢ ይላል። ይህ በአብዛኛው የመተግበሪያው ጉዳይ ነው። ጉግል ከግንቦት 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የይለፍ ቃልን በቀጥታ የሚቀበሉ አሮጌ የኢሜይል መተግበሪያዎችን አግደዋል። ከስልኩ ጋር የመጣው መተግበሪያ ውስጥ የሰርቨር ስም እየሞሉ ከመታገል «በጉግል ግባ» የሚለውን መምረጥ ወይም የድርጅቱን የራሱን መተግበሪያ መጫን ይበጃል።

አሮጌውን ስልክ ለሚሸጥም አንድ ነገር ልጨምር። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ስልክ በግድ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ቀድሞ የነበረበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። አካውንቱን ከሴቲንግ ሳያወጡ መሸጥ ለገዢው የማይከፈት ስልክ መስጠት ነው። የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ባለቤትም የራሱ ስልክ በዚሁ ይቆለፍበታል።

«ሌላ ጂሜይል እንክፈት» የሚለው መፍትሔ ለምን ውድ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። ጉግል በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) ባሳወቀው ደንብ መሠረት ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባበት የግል አካውንት ሊሰረዝ ይችላል፤ ስረዛው የተጀመረው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ተትቶ የቀረ አድራሻ ከነፎቶው፣ ከነማመልከቻው ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ዲቪ ሞልቶ የማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰውም ቁጥሩን ለማግኘት ከስሙና ከልደት ቀኑ ጋር የሚጠየቀው ያን ጊዜ ያስመዘገበውን ኢሜይል ነው።

ዛሬ ተዘግቶበት የተቸገረ ሰው መጀመሪያ ወደ ቴሌ ይሂድ። ሲሙ በስሙ ከሆነና ቁጥሩ ለሌላ ካልተሰጠ መታወቂያ አሳይቶ ምትክ ሲም ማውጣት ከሁሉም አጭሩ መንገድ ነው። ያ ካልሆነ ያ ኢሜይል ተከፍቶበት የነበረ ማንኛውም መሣሪያ ይፈለግ፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ የወንድም ላፕቶፕ፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ስልክ። ከዚያ ሆኖ፣ በለመደው ዋይፋይ፣ የጉግልን የማስመለሻ ጥያቄዎች አንድም ሳይዘል ይመልስ፤ ያላወቀውን በተቻለው ይገምት። ሌላ ሰው ገብቶ ቁጥሩን ቀይሮበት ከሆነ ጉግል ለ7 ቀን የቀድሞውን ቁጥር ወይም የማስመለሻ ኢሜይል ስለሚቀበል አይዘግይ። በቴሌግራም «የተዘጋ ጂሜይል እንከፍታለን» እያሉ ገንዘብ ለሚጠይቁ አንድ ብር አይክፈል፣ የደረሰውንም ኮድ አይንገራቸው። ከድርጅቱ ውጭ ይህን ማድረግ የሚችል የለም፤ ድርጅቱም ኮድ ንገሩኝ ብሎ አይደውልም።

ለስልክ ሻጮች አንድ ልመና አለኝ። አካውንቱን ክፈቱላቸው፣ ብዙ ሰው የሚያምነው እናንተን ነውና፤ ግን የይለፍ ቃሉን ገዢው በራሱ እጅ ይጻፈው፣ እውነተኛ የልደት ቀኑ ይሞላ፣ የልጁ ወይም የወንድሙ ኢሜይል ማስመለሻ ሆኖ ይመዝገብ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አንባቢም አሮጌውን ስልክ ከመሸጥዎ ወይም ለቤተሰብ ከመስጠትዎ በፊት ኢሜይሉ በአዲሱ ላይ መከፈቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ካለዎትም ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት መጠባበቂያ ኮዶቹን አብራችሁ አውጡና ከፓስፖርቱ ጋር አስይዙት።